ከዱባይ የመጣው ባርቤሪ፦ እናቴ ለስኳር ጀምራዋለች፣ እኔ ደግሞ ነፍሰ ጡር ነኝ

የቆጪዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ስላለ ይቅርታ። አሳጥሬ ብጽፈው ዋናው ነገር እንዳይቀር ፈራሁ።

የምኖረው ጅማ ነው፣ ቆጪ፣ ከእናቴ ጋር። ኡሚ 63 ዓመቷ ነው። ስኳር ካለባት 11 ዓመት ሆኗታል። ሜትፎርሚን ጠዋትና ማታ፣ ግሊቤንክላማይድ ደግሞ ጠዋት ትወስዳለች። ለደም ግፊት አምሎዲፒን አላት። እኔ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የመጀመሪያዬ ነው።

ታላቅ እህቴ የምትሠራው ዱባይ ነው። ባለፈው ወር ሰው ሲመጣ ዕቃ ላከችልን። ከልብሱና ከቴምሩ ጋር ሦስት ነገር ነበረበት። አንደኛው የደረቀ ቀይ ፍሬ ነው፣ ግማሽ ኪሎ ይሆናል። ዘቢብ ይመስላል፣ ግን ያነሰ ነው፣ ይኮመጥጣል። "ዘረሽክ ነው፣ ኢራኖች ሩዝ ላይ የሚያደርጉት" አለችኝ። ሁለተኛው ደማቅ ቢጫ ዱቄት ነው፣ የህንድ። ላስቲኩ ላይ "ዳሩሃልዲ" ይላል። ሦስተኛው "በርበሪን 500 ሚሊ ግራም" የሚል ጠርሙስ ነው፣ 120 ፍሬ ኪኒን አለው። ሦስቱም የሚወጡት ባርቤሪ ከሚባል እሾሃማ ቁጥቋጦ ነው አለች። የምትሠራላቸው ሴትዮ ስኳራቸውን በዚህ እንዳወረዱ ነግረዋታል።

ዱቄቱን ኡሚ እርድ መስሏት አልጫ ውስጥ ጨመረችው። ወጡ ሬት ሆነ። የዚያን ቀን እንጀራ በሚጥሚጣ በላን።

ኪኒኑን ግን ወደደችው። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከሐኪሙ መድኃኒት ጋር ደርባ ትውጠዋለች። ጠዋት ጠዋት 190 አካባቢ የነበረው ስኳሯ በሁለት ሳምንት 120 ገባ። ደስታዋን ብታዩት! ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። ሁለት ሴቶች "ለእኛም አስመጪልን" ብለዋል።

ከዚያ ሐሙስ መጣ። ኡሚ ሰኞና ሐሙስ ትጾማለች፣ ዓመታት ሆኗታል። ሱሁር ላይ ኪኒኖቿን ሁሉ ዋጠች። ጠዋት በእግሯ ሄርማታ ገበያ ሄደች። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ላብ አጥምቋታል። እጇ ይንቀጠቀጣል። ስጠራት በእህቴ ስም መለሰችልኝ። ለካኋት፣ 52! ስኳር በውሃ በጥብጬ አቀረብኩ። "ጾሜ" ብላ አልጠጣም አለች። እያለቀስኩ ነው ያጠጣኋት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስለካት 81 ሆነ።

ኡሚ እስከ ዛሬ "ፀሐይና ጾም ነው እንጂ ኪኒኑ ምን አደረገ" ትላለች። ለሐኪሟም አልነገረችም። "ይቆጡኛል" ነው የምትለው።

ሁለተኛው ጉዳይ የራሴ ነው። ማቅለሽለሽ ሲያስቸግረኝ ፍሬውን እንደ ሻይ አፍልቼ ጠጥቻለሁ፣ ለአምስት ቀን ያህል፣ በቀን አንድ ስኒ። አንድ ቀን ደግሞ ከዱቄቱ ሩብ የሻይ ማንኪያ በማር ላስኩ። ማታ ስለ ባርቤሪ ሳነብ "ለነፍሰ ጡር አይሆንም" የሚል አየሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ልጄን ጎድቼው ይሆን? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ሴካ በር

እንኳን ኡሚን አተረፈልሽ እህቴ። እኔ ግን ኪኒኑን ባትጥሉት እላለሁ። አጎቴ ሳዑዲ እያለ ይህንኑ ይወስድ ነበር። ስኳሩም ኮሌስትሮሉም ወርዶለታል፣ ዛሬም ደህና ነው። መቀነስ ያለበት የሐኪሙ ኪኒን ነው። ዕድሜ ልክ ኬሚካል ከመዋጥ አላህ የፈጠረው ሥር አይሻልም? አያቶቻችን በዳማከሴና በጤና አዳም አይደል ያሳደጉን? በማትጾምበት ቀን ትውሰደው።

ባለ መድኃኒት ቤቱ

የቆጪዋ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እዚሁ ጅማ መድኃኒት ቤት ውስጥ 19 ዓመት ሠርቻለሁ። አስቸኳዩን ላስቀድም።

የዱባዩ ኪኒን ዛሬውኑ ይቁም። የሐኪሙን መድኃኒት ግን በራሳችሁ አትቀንሱ፣ አታቋርጡም። ነገ ጠዋት ጠርሙሱን ይዛችሁ ክትትል ወደሚያደርጉበት ሂዱ። ቀጠሮ አትጠብቁ። "52 ገብተው ነበር" በይ። እናትሽ ካፈሩ አንቺ ተናገሪ። ሐኪም በዕፅዋት አይቆጣም። የሚቆጣ ቢኖር እንኳ ቁጣው ከ52 ይሻላል።

ደግሞ ይህን ያዢ። 52 የገባ ሰው ስኳር ጠጥቶ 81 ሲሆን ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ግሊቤንክላማይድ ሰውነት ውስጥ ረጅም ሰዓት ይሠራል። በተለይ በዕድሜ ከገፉ ሰዎች ላይ ተመልሶ ሊያወርድ ይችላል። ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ታጠጫለሽ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ትለኪያለሽ። ካልተነሳ ትደግሚያለሽ። ከተነሳ ደግሞ ወዲያው ምግብ ትሰጫለሽ። ሌሊትም ቀስቅሰሽ ለኪ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን አፋቸው ውስጥ ምንም እንዳትጨምሪ፣ ትን ይላቸዋል። ባጃጅም ቢሆን ይዘሽ ወደ ሆስፒታል ነው።

"ፀሐይና ጾም ነው" ማለታቸው ግማሽ እውነት አለው። ግሊቤንክላማይድ ወስዶ የሚጾም ሰው ያለ ምንም ዕፅዋትም ሊወርድበት ይችላል። ግን ስንት ዓመት ሰኞና ሐሙስ ጾመው ይህ አልደረሰባቸውም። አሁን የተጨመረው ኪኒኑ ነው።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ያ የመረራችሁ ቢጫ ነገር በርበሪን ይባላል። የባርቤሪ ሥርና ልጥ ውስጥ በብዛት አለ። ቢጫ ያደረጋቸውም እሱ ነው። ይህ ነገር ራሱ ስኳር ያወርዳል። በላዩ ላይ ሌላ ጣጣ አለው። ጉበታችን መድኃኒት የሚሰባብርባቸው ኢንዛይሞች አሉት። በርበሪን ከእነዚህ አንዳንዶቹን ያዳክማል። ግሊቤንክላማይድም አምሎዲፒንም የሚሰባበሩት በእነዚያው ነው። መውጫው ሲጠብ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። እናትሽ አንድ ፍሬ ዋጡ፣ ሰውነታቸው ግን ከአንድ በላይ እንደዋጡ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የደም ግፊታቸውንም አስለኪ። ሲነሱ ያዞራቸዋል ወይ? ኩላሊት የተተካላቸው ሰዎች የሚወስዱት ሳይክሎስፖሪን የሚባል መድኃኒትም በበርበሪን ምክንያት ደም ውስጥ ከፍ ይላል። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም መርጋት መከላከያ የሚወስድ ሰውም ሊርቀው ይገባል።

ሴካ በር፣ የአጎትህን አልክድም። ባይሠራማ እናታቸው 52 አይገቡም ነበር። ቻይና ውስጥ ተሠርቶ በ2008 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ ጥናት አለ። ስኳር አዲስ የተገኘባቸው 36 ሰዎች ነበሩ። ለሦስት ወር ግማሾቹ በርበሪን 500 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ፣ ግማሾቹ ሜትፎርሚን ወሰዱ። በርበሪን የወሰዱት የሦስት ወር አማካይ ስኳራቸው (ኤዋንሲ የሚባለው ምርመራ) ከ9.5 ወደ 7.5 በመቶ ወረደ። ከሜትፎርሚኑ ጋር ተቀራራቢ ነው። ግን 36 ሰው ነው፣ ሦስት ወር ነው፣ ሐኪም እየተከታተላቸው ነው። በዚያው ጥናት በርበሪን ከወሰዱት ከሦስቱ አንዱ ያህል ሆዱ ታውኳል፤ ተቅማጥ፣ ድርቀት፣ ቁርጠት። ሜትፎርሚንን ግን በዓለም ዙሪያ ለአሥርት ዓመታት ተጠቅመንበታል፣ ጥሩውንም መጥፎውንም እናውቃለን። ደግሞ ሜትፎርሚን ራሱ መነሻው ዕፅዋት ነው። አውሮፓ ውስጥ ጋሌጋ የምትባል ተክል ላይ ከተገኘ ንጥረ ነገር ነው የተነሳው። ስለዚህ "ኬሚካልና ተፈጥሮ" ብለን ብንከፍለው አይከፈልም።

ለተቅማጥም ተሞክሯል። በ1987 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ባንግላዴሽ ውስጥ 165 አዋቂዎች ላይ ተጠንቶ፣ አንድ ጊዜ የተሰጠ 400 ሚሊ ግራም ኢ.ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ የሚያመጣውን ተቅማጥ ቀነሰ። ኮሌራ ላይ ግን ያን ያህል አልሆነም። እዚህ አገር ተቅማጥ ሲይዝ መጀመሪያ ኦአርኤስ ነው።

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር፣ ስለሚከነክነኝ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ አባት ይመጡ ነበር፣ የቡና ነጋዴ። "የአብሽ ውሃ ለስኳር ጀመርኩ፣ ከኪኒኑ ጋር ምን ይለኛል?" ብለው ጠየቁኝ። "ምግብ አይደል አባቴ፣ ምንም አይልም" አልኳቸው። መጠኑን አልጠየቅኩም። ጠዋትና ማታ በትልቅ ብርጭቆ ሞልተው ነበር የሚጠጡት። ከሦስት ሳምንት በኋላ መንገድ ላይ ወድቀው ጉልበታቸው ተሰበረ። ልጃቸው መጥቶ ሲነግረኝ የምገባበት ጠፋኝ። አብሽም ስኳር ያወርዳል። ያኔ አውቀው ነበር፤ የመድኃኒት ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። የተሳሳትኩት ምግብ በመሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም መድኃኒት ሊገዛ ሲመጣ "ቤት ውስጥ ምን ይጠጣሉ?" ብዬ እጠይቃለሁ። አፍረው አይናገሩም። ስም እየጠራሁ ነው የማወጣጣቸው፦ አብሽ፣ ሽፈራው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ዝንጅብል በነጭ ሽንኩርት። አሁን ባርቤሪንም እጨምራለሁ።

ጠርሙሱ ላይ 500 ስለተጻፈ 500 ነው ማለትም አይደለም። እንደዚህ ዓይነት ኪኒን የሚሸጠው እንደ ምግብ ማሟያ ነው። እንደ መድኃኒት አይፈተሽም። አንዱ ፍሬ ያነሰ፣ ሌላው የበዛ ሊይዝ ይችላል። ጎረቤቶችሽም እንዳያስመጡ ንገሪያቸው። አደራ።

የአንቺን ነገር እህታችን አዋላጇ ትመልስልሽ። ከዚህ በፊት እዚህ ጽፋ አይቻለሁ።

አዋላጇ

አለሁ። ሌሊት ተረኛ ሆኜ ነው ያየሁት።

የእኔ እህት፣ መጀመሪያ ተንፍሺ። የጠጣሽው በአብዛኛው ፍሬውን ነው። የበሰለው ፍሬ ውስጥ በርበሪን ትንሽ ነው። ሰው እንደ ምግብ የሚበላውም እሱን ነው። ዱቄቱን ደግሞ አንድ ቀን፣ ሩብ ማንኪያ ቀመስሽ። ይህ ልጅሽን ጎድቶታል ብዬ አልገምትም። ግን ሁለቱንም አሁኑኑ ተዪ። ነፍሰ ጡር ባርቤሪን የምትከለከልበት ምክንያት አለው። በርበሪን ማህፀንን ሊያኮማትር ይችላል። ሰባት ወር ላይ ደግሞ ምጥ እንዲመጣ አንፈልግም። ሆድሽ እየመጣ እየሄደ የሚጨብጥሽ ከሆነ፣ ውሃ ወይም ደም ካየሽ፣ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ሳታድሪ ነይ። ደህና ብትሆኚም በሚቀጥለው ክትትልሽ ንገሪያቸው፣ ካርድሽ ላይ ይጻፍ።

ሁለተኛው ምክንያት ከወሊድ በኋላ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። አራስ ልጅ ቢጫ ሲሆን አይታችኋል። ብዙዎቹ ላይ በራሱ ይለቃል። ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን ነው። ደም ውስጥ አልቡሚን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ስለሚዞር ወደ አንጎል አይገባም። በርበሪን መጥቶ ያላቅቀዋል። የተላቀቀው ደግሞ የልጁን አንጎል ሊመርዝ ይችላል። ከዚያ መስማት አለመቻል፣ የሰውነት መገታተር፣ ሞትም አለ። ቻይናዎች በርበሪን ያለበት ሌላ መራራ ሥር አላቸው፣ ለሕፃናት ይሰጡት ነበር። ሲንጋፖር በዚሁ የሕፃናት ቢጫነት ምክንያት በርበሪን ያለባቸውን መድኃኒቶች ለአሥርት ዓመታት ከልክላ ነበር። በእናት ጡትም ያልፋል። ስለዚህ እርግዝናሽ ላይ ብቻ ሳይሆን ጡት እስክታስጥዪ ድረስ አይነካም።

ከወለድሽ በኋላ ጠያቂ ይመጣል። "ለሕፃኑ ይህቺን ጠብ አድርጊለት፣ አንጀቱን ታጥባለች" የምትል አትጠፋም። በፍቅር ነው የሚሉት። አመስግኚና አትስጪው። ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ውሃም ቢሆን አይጨመርም። ልጁ ገና በመጀመሪያው ቀን ቢጫ ከሆነ፣ ወይም ቢጫው እግሩ ድረስ ከወረደ፣ ወይም ጡት አልጠባም ብሎ ከተኛ፣ ፀሐይ አሞቀዋለሁ ብለሽ ቤት አትቀመጪ። አምጪው።

የዋግ ጠላት

እኔ ግብርና ነው የማጠናው። ስለ መድኃኒቱ አልናገርም፣ ስለ ተክሉ ግን ልጨምር። ማንም ሰው ዘሩን ወይም ችግኙን ከውጭ አስመጥቶ ግቢው ውስጥ እንዳይተክል እለምናለሁ። ባርቤሪ የስንዴ ግንድ ዋግ የሚባለው የፈንገስ በሽታ የሚጠለልበት ተክል ነው። ፈንገሱ ስንዴ ላይ ይኖርና ባርቤሪ ቅጠል ላይ ይራባል። እዚያም ዘሩ ተዳቅሎ አዲስ ዓይነት ሊወጣ ይችላል። አሜሪካኖች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1918 ጀምሮ ለዚህ ሲሉ ባርቤሪን ከየእርሻው ዳር በዘመቻ ነቅለዋል። ዴንማርክ ደግሞ በዚያው አቆጣጠር በ1903 በሕግ አስነቅላለች። እኛ አገር ዋግ ምን እንደሚያደርግ ባሌና አርሲ ጠይቁ። በ2013 እና በ2014 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዲገሉ የሚባለውን የስንዴ ዝርያ ጠራርጎ ነበር። ደጋችን ላይ የራሳችን አገር በቀል የባርቤሪ ዓይነት አለ፣ ግን እሱን ከኢራኑ ወይም ከህንዱ ጋር አንድ ነው ብላችሁ ሥሩን ቆፍራችሁ እንዳትቀቅሉ።

የኢራኑ ፍሬ ዘር የሌለው ዓይነት ነው፣ እሱ ብትጥሉትም አይበቅልም። ቢጫው ሥር በድሮ ጊዜ ሱፍና ቆዳ ማቅለሚያ ነበር።

የቆጪዋ

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ሰኞ ሄድን። ዛሬ ረቡዕ ነው የምጽፈው።

ኡሚ መንገዱን ሙሉ "አትናገሪ" ስትለኝ ነበር። ሐኪሟ ፊት ስንቀመጥ ጠርሙሱን ከቦርሳዬ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። አልተቆጣም። አነበበው፣ ካርዷ ላይ ጻፈው። ግሊቤንክላማይዱን በግማሽ ቀነሰላት። በሳምንት ውስጥ ተመልሳ እንድትታይ፣ እስከዚያ እንዳትጾምም ነገራት። ለጾሙ ነገር ከባድ ነበር። ኡሚ ያለቀሰችው እዚያ ላይ ነው። "ሐኪምሽ ከከለከለሽ ወንጀሉ የለብሽም" ብሎ የሰፈራችን ሼህ ሲነግራት ተረጋጋች። ደም ግፊቷም ዝቅ ብሎ ነበር። ባለ መድኃኒት ቤቱ፣ "ሲነሱ ያዞራቸዋል ወይ" ያሉትን ስጠይቃት ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲያዞራት እንደነበር ነገረችኝ። ለማንም አልተናገረችም።

ዛሬ ጠዋት 148 ነው። ኡሚ ቁጥሩ በመጨመሩ ተከፍታለች። እኔ ግን ሌሊት ተኛሁ።

እኔም ክትትል ሄድኩ። የልጄን የልብ ምት አሰሙኝ። ደህና ነው አሉኝ። አዋላጇ፣ እንዳልሽው ካርዴ ላይ አስጻፍኩ።

እህቴን ደውዬ ነገርኳት። መጀመሪያ ከፋት፣ "ለእናቴ ብዬ" አለች። ከዚያ ለራሷም ትወስደው እንደነበር ተናገረች፣ ለውፍረት። ለካ እሷም የአስም መድኃኒት አላት። ጠይቂ ብያታለሁ።

አንድ የቀረችኝ ጥያቄ አለች። ፍሬውን ለእንግዳ ሩዝ ላይ ብናደርገውስ? መጣሉ አሳዘነን።

ባለ መድኃኒት ቤቱ

አልሐምዱሊላህ። 148 ለጊዜው ጥሩ ቁጥር ነው፣ እናትሽን እንዲህ በይልኝ። መድኃኒት ተቀንሶ ነው 148 የሆነው።

ፍሬውን ጤነኛ ሰው በምግብ መጠን ቢበላው ችግር የለውም። አንድ እፍኝ ለአንድ ድስት ሩዝ። አጥበሽ፣ በቅቤ ለአፍታ ገልበጥ አድርገሽ መጨረሻ ላይ ነው የሚጨመረው፣ ቶሎ ያርራል። አንቺና እናትሽ ግን ከሌላው ሩዝ ብሉ። ኪኒኑን ወደ እኛ ወይም ወደ ሌላ መድኃኒት ቤት አምጪው፣ በአግባቡ ይወገዳል። ለጎረቤት እንዳይሰጥ። ዱቄቱ ከእርዱ አጠገብ እንዳይቀመጥ፣ ነገ ሌላ ሰው ወጥ ውስጥ ይጨምረዋል።

የእህትሽን መድኃኒት ስም ላኪልኝ፣ አየዋለሁ።

የቆጪዋ

ስሙን በውስጥ ልኬልዎታለሁ።

ዱቄቱን ኡሚ ወስዳዋለች። "ማቅለሚያ ነበር" የሚለውን ሳነብላት ተነስታ ድስት ጣደች። ድስቱ አሮጌ ነው፣ ምግብ አይሠራበትም። አክርማ ነክራበታለች። አሁን በረንዳው ላይ ተሰጥቷል። ቢጫው ከገበያው ቀለም ይልቅ ሞቅ ይላል። ለልጁ ትንሽ ሰፌድ ልትሰፋበት ነው።